አጥንት የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

ታሪክ ጸሓፊ ከሚጠይቃቸው ምስክሮች መካከል ብራና፣ የድንጋይ ጽሕፈት፣ የጥንት ገንዘብና የሽማግሌ ቃል ዋና ዋናዎቹ መሆናቸው የታወቀ ነው። ከነዚህ ሁሉ በዕድሜ የሚቀድመው ምስክር ግን አጥንት ነው። ብራና የሚጽፍ እጅ ያስፈልገዋል፤ የሽማግሌም ቃል የሚሰማውና የሚያስተላልፈው ልጅ ያስፈልገዋል፤ አጥንት ግን ባለቤቱ ሳያስበው በሕይወቱ የደረሰበትን መውደቅና መቍሰል፣ ረኃብና በሽታ በራሱ ላይ ይዞ ይቀራል። ጽሕፈት ከመገኘቱ በፊት ስለ ነበረው እጅግ ረጅም ዘመን የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከዚሁ ምስክር ነው።

እኛ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሣነው አንድ ነገር ደጋግሞ ስለ ገጠመን ነው። የድንቅነሽ ስም በተነሣ ቍጥር፣ በመማሪያ ክፍልም ሆነ በመሥሪያ ቤት፣ «እርሷማ ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው» ሲባል እንሰማለን። የሚናገረው ሰው ወሬውን ከየት እንዳገኘው አይጠየቅም፤ የሚሰማውም «እንዴት ታወቀ?» ብሎ አይጠይቅም። ሦስት ሚሊዮን ዓመት ያለፈው ሞት እንደ ትናንት አደጋ በርግጠኝነት ይተረካል። ተማሪውም ይህን በደብተሩ ጽፎ ይሄዳል። ስለዚህ አጥንት ስለ ጕዳት ሲናገር ምን ያህል እንደሚታመን፣ የት ላይስ ዝም እንደሚል መመርመር ለአስተማሪም ለተማሪም ይጠቅማል ብለን አሰብን።

በመጀመሪያ አጥንት እንዴት ጕዳትን እንደሚይዝ እንይ። በዚህ ረገድ ከሊቃውንቱ በፊት የሚያውቁት ወጌሾቻችን ናቸው። በምንኖርበት በአስኮ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ በሚያልፍበት ሰፈር፣ ወጌሻ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። አንድ ሽማግሌ ወጌሻ የጐልማሳውን ክንድ በጣቶቻቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ልጄ፣ ይህ ክንድህ እኮ ቀድሞም ተሰብሮ ነበር» ቢሉት፣ «አዎን አባባ፣ በልጅነቴ ከበቅሎ ወድቄ ነበር» ማለቱ አይቀርም። ሽማግሌው ጠንቋይ ስለ ሆኑ አይደለም። አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው፤ በተሰበረ ጊዜ ደም ይቋጥራል፤ ቀጥሎም በስብራቱ ዙሪያ ለስላሳ ነገር ይበቅላል፤ ያም በሳምንታት ውስጥ እየጠነከረ ወደ አዲስ አጥንት ይለወጣል። ቍስሉ ከዳነ በኋላ ያ አዲስ አጥንት ለብዙ ጊዜ እንደ እብጠት ሆኖ ይቀራል፤ ስብራቱ ጠሞ ከገጠመማ እስከ ዕለተ ሞት ይታወቃል። ከሞት በኋላም ሥጋው ቢፈርስ፣ ያ እብጠት በድኑ ላይ ይገኛል። አንድ ጥንታዊ አጥንት ላይ የዳነ ስብራት ከታየ፣ ያ ፍጡር ቈስሎ እንደ ነበረ፣ ከቈሰለም በኋላ ቢያንስ ለሳምንታት በሕይወት እንደ ቈየ ያለ ጥርጥር ይታወቃል። ይህ የአጥንት ጽኑ ምስክርነት ነው።

ያልዳነው ስብራት ግን ሌላ ጕዳይ ነው። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሲሰበር በግዴለት ይሰነጠራል፤ ደረቁ ግን ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ አፉም ሸካራ ይሆናል። አጥንትም እንደዚሁ ነው። ገና ትኵስ የሆነ አጥንት ሲሰበር ስንጥቁ በአብዛኛው ጠመዝማዛና ጠርዙ ለስላሳ ይሆናል፤ የደረቀ አጥንት ሲሰበር ግን በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ይቈረጣል፤ ስብራቱም ያረፈበት ገጽ ሸካራ ይሆናል። በዚህ ምክንያት በሞት ጊዜ የደረሰውን ስብራት ከብዙ ዓመት በኋላ ከደረሰው ለመለየት ይቻላል። ችግሩ ያለው ከዚህ ላይ ነው። አጥንት ባለቤቱ በሞተ ማግስት አይደርቅም፤ እንደ አየሩና እንደ ቦታው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እርጥበቱን ይዞ ይቈያል። አንድ እንስሳ ከሞተ ከአንድ ወር በኋላ ዝኆን ቢረግጠው፣ ወይም ጅብ በመንጋጋው ቢሰብረው፣ ስብራቱ በሞቱ ሰዓት ከደረሰው ስብራት ጋር አንድ ዐይነት መልክ ሊኖረው ይችላል። አጥንቱ «ተሰበርሁ» ይላል እንጂ «ስሰበር ባለቤቴ በሕይወት ነበር» አይልም።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፣ ጕዳዩ የሕግ አዋጅ እስከ ማስወጣት ወደ ደረሰበት ወደ ባሕር እንመልከት። ዓሣ ነባሪ የሚባለው፣ በቀድሞ መጻሕፍታችን አንበሪ የተባለው እንስሳ፣ እንደ ስሙ ዓሣ ሳይሆን ልጁን የሚያጠባ፣ ለመተንፈስም ወደ ውኃው ገጽ ደጋግሞ የሚወጣ ነው። በመውጣቱም ከመርከብ ጋር ይጋጫል። መርከብ በሸራ በሚሄድበት ዘመን ይህ እምብዛም አልነበረም። በእንፋሎት የሚሄዱት መርከቦች እ. ኤ. አ. ከ1800ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰዓት ከ13 እስከ 15 የባሕር ማይል መጓዝ ሲጀምሩ ግን ገዳይ ግጭት መመዝገብ ጀመረ። እ. ኤ. አ. በ2001 ዴቪድ ላይስትና የሥራ ጓደኞቻቸው ያለፈውን መዝገብ ሁሉ አሰባስበው ባወጡት ጥናት፣ ከባድና ገዳይ ጕዳት የሚያደርሱት በአብዛኛው ርዝመታቸው 80 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ፍጥነታቸውም በሰዓት 14 የባሕር ማይል፣ ማለትም 26 ኪሎ ሜትር ያህልና ከዚያ በላይ የሆነ መርከቦች መሆናቸውን አሳይተዋል።

ትልቅ መርከብ ዓሣ ነባሪ ሲገጭ የመርከቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ አይሰማቸውም። ስለዚህ የአደጋው ምስክር የሚሆነው በድኑ ብቻ ነው። የመርከቡ አፍንጫ የመታው ዓሣ ነባሪ የመንጋጋው፣ የጐድኑ ወይም የጀርባው አጥንት ደቅቆ ይገኛል። ከመርከቢቱ ኋላ በውኃ ውስጥ የሚሽከረከረው ባለ ክንፍ ብረት ያገኘው ደግሞ፣ እርስ በርሳቸው ትይዩ የሆኑ፣ ርቀታቸውም የተመጣጠነ የቍርጥ መስመሮች በሥጋው ላይ ያርፉበታል፤ ጥልቅ ከሆኑም አጥንቱ ድረስ ይዘልቃሉ። ከዚህም ሌላ ተሰብሮ የዳነ አጥንት ያላቸው ይገኛሉ፤ እነዚህ በሕይወት ዘመናቸው አንድ ጊዜ ከባድ ምት ደርሶባቸው ተርፈው ነበር ማለት ነው። ያልዳነ ስብራት ሲገኝ ግን መርማሪዎቹ ወዲያው አይፈርዱም። አስቀድሞ በሌላ ምክንያት ሞቶ የሚንሳፈፈውን በድን መርከብ ሊመታው ይችላልና። ስለዚህ በድኑ ትኵስ ሳለ ወደ ባሕሩ ዳር ፈጥነው ደርሰው፣ በስብራቱ ዙሪያ ባለው ሥጋ ውስጥ ደም ፈሶ እንደ ሆነ ይመለከታሉ። ደም የሚፈሰው ልብ ሲመታ ነው። ሥጋው ጠፍቶ አጥንቱ ብቻ በቀረ ጊዜ ይህ ማረጋገጫ አብሮ ይጠፋል።

እንዲህ ባለው ጥንቃቄ የተሰበሰበው ማስረጃ ከንቱ አልቀረም። በሰሜን አትላንቲክ ዳርቻ የሚኖረውና ዛሬ ቍጥሩ ከ400 የማይበልጠው የዓሣ ነባሪ ዘር እየጠፋ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ የአሜሪካ መንግሥት እ. ኤ. አ. በ2008 ርዝመታቸው 20 ሜትር ያህልና ከዚያ በላይ የሆኑ መርከቦች በተወሰነ ወራትና በተወሰነ የባሕር ክፍል በሰዓት ከ10 የባሕር ማይል በላይ እንዳይጓዙ ደንብ አወጣ። የመርከብ ባለቤት በፍጥነቱ ላይ ልጓም ሲገባበት ማስረጃ መጠየቁ አይቀርም፤ «በድን ነው የገጨሁት» የሚለውን ክርክር የሚያፈርሰው ከላይ የተናገርነው ጥንቃቄ ነው።

ባሕር የሌላት አገር ሰዎች ስለ ዓሣ ነባሪ ምን አገባቸው የሚል ቢኖር፣ እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንንገረው። በጎረቤታችን በኬንያ፣ ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ እ. ኤ. አ. በ1964 የ17 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የዓሣ ነባሪ ቅሪተ አካል ተገኝቷል። ቦታው ዛሬ ከባሕር 740 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ያን ጊዜ ምድሩ ዝቅ ያለ ስለ ነበረ እንስሳው ወንዝ ተከትሎ ወደ መካከለኛው ምድር እንደ ገባ ሊቃውንቱ ይገምታሉ፤ የምሥራቅ አፍሪካ ምድር ከፍ ማለት የጀመረበትን ዘመን ለመገመትም በዚሁ አጥንት ተጠቅመዋል። የሚያስቀው ነገር፣ ይህ አጥንት ወደ አሜሪካ ከተወሰደ በኋላ የት እንደ ገባ ጠፍቶ ለብዙ ዓመታት ሲፈለግ ኖሮ የተገኘው እ. ኤ. አ. በ2011 ነው። አሥራ ሰባት ሚሊዮን ዓመት መሬት ያልጠፋበትን አጥንት ሰው በግምጃ ቤት ውስጥ አጠፋው።

አሁን ወደ ድንቅነሽ እንመለስ። በ1967 ዓ. ም. ኅዳር 15 ቀን፣ በአፋር ምድር ሐዳር በተባለው ቦታ፣ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ያገኟት ይህች ፍጡር 3.18 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላት። ከመላው ዐፅም 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ የመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶቿ ወጥተው ስለ ነበረ ለዐቅመ ሔዋን የደረሰች እንደ ነበረች ይታወቃል። በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደ ነበረም የዳሌዋና የጕልበቷ አጥንት ያስረዳል። እነዚህ ነገሮች የተረጋገጡ ናቸው።

እ. ኤ. አ. ከ2007 እስከ 2013 ዐፅሟ በአሜሪካ ለትርኢት በቈየበት ጊዜ፣ በ2008 ወደ ኦስቲን ወደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተወስዶ በሲቲ ስካን መሣሪያ ተመረመረ። ምርመራው 10 ቀን ፈጀ፤ ከ35,000 የሚበልጡ ሥዕሎችም ተነሡ። መሣሪያው አጥንቱን ሳይነካ ውስጡን እንደ ስስ ቅጠል እየገለጠ ያሳያል። ከዚህ ሥራ በኋላ ፕሮፌሰር ጆን ካፕልማን ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር፣ ከነርሱም መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሉጌታ ፈሰሃ ይገኙበታል፣ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት እ. ኤ. አ. በ2016 ድንቅነሽ ከዛፍ ወድቃ ሞታለች የሚል ጽሑፍ አወጡ። ያ የምንሰማው ወሬ የተወለደው ከዚህ ነው።

ማስረጃቸው ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ጥቂት እንቈይበት። የቀኝ ክንዷ የላይኛው አጥንት፣ ከትከሻዋ ጋር በሚጋጠምበት በኩል፣ ብዙ ቦታ ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ተጨፍልቋል። ስብራቱ ስለታምና ጥርት ያለ ነው፤ ጥቃቅን ስንጣሪዎችም ከቦታቸው ሳይርቁ ተጣብቀው ቀርተዋል። ፕሮፌሰሩ ይህን ለአጥንት ቀዶ ሐኪሙ ለዶክተር ስቲቨን ፒርስ ባሳዩአቸው ጊዜ፣ ሐኪሙ ከከፍታ የወደቀ ሰው እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሲመታ የሚደርስበት ስብራት ነው አሉ። ተመሳሳይ፣ ነገር ግን ቀለል ያለ ስብራት በግራ ትከሻዋ፣ በቀኝ ቍርጭምጭሚቷ፣ በግራ ጕልበቷ፣ በዳሌዋና በጐድኗ ላይም አለ። ከነዚህ በመነሣት ጸሓፊዎቹ አወዳደቋን ሳይቀር በቅደም ተከተል ተረኩ፦ አስቀድማ በእግሯ ዐረፈች፤ ቀጥሎ ወደ ፊት ስትደፋ እጆቿን ዘረጋች፤ እጆቿን መዘርጋቷም ያን ጊዜ ነፍሷን ገና እንዳልሳተች ያሳያል አሉ። ከፍታውም ከ12 ሜትር በላይ፣ መሬቱን የመታችበት ፍጥነት በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሆነ ገመቱ። ይህን ፍጥነት ለመገመት የሚፈልግ አንባቢ በአስኮ መንገድ ቁልቍል የሚወርድ መኪና የሚገጭበትን ኃይል ያስብ።

ጽሑፉ በወጣ ጊዜ መላው ዓለም ተቀበለው ለማለት አይቻልም። ድንቅነሽን ያገኟት ጆሃንሰን ራሳቸውና በአዋሽ ሸለቆ ለብዙ ዓመታት የሠሩት ቲም ዋይት ተቃወሙ። የነርሱ ቃል በአጭሩ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለ ስንጥቅና ጭፍላቂ በሐዳርም ሆነ በሌላ ስፍራ ከሚገኙት የብዙ እንስሳት ቅሪተ አካላት ላይ ይታያል፤ ዛፍ ላይ የማይወጡት የሜዳ እንስሳት አጥንት ሳይቀር እንዲሁ ተሰንጥቆ ይገኛል፤ አጥንት ከተቀበረ በኋላ የአሸዋውና የጭቃው ክብደት ይጫነዋል፣ ወደ ድንጋይነት ሲለወጥም ይሰነጠቃል። እነ ፕሮፌሰር ካፕልማን በበኩላቸው ከመቀበር የመጣውን ስንጥቅ ለይተን ያስቀረነው ከዚያ የተለየውን ብቻ ነው ብለው መልሰዋል።

እኛ ባለሙያዎች ባንሆንም፣ አንባቢ እንደ ዳኛ ሁለቱን ወገን መስማት ይችላልና የመሰለንን እንናገራለን። የትከሻዋ ስብራት አጥንቱ ገና ትኵስ ሳለ መድረሱን ጸሓፊዎቹ በጥሩ ሁኔታ ያስረዱ ይመስለናል፤ ጥቃቅኑ ስንጣሪ ከቦታው አለመንቀሳቀሱ ከባድ ነገር ነው። ነገር ግን በየትኛውም ስብራት ላይ የመዳን ምልክት አልታየም። የመዳን ምልክት ከሌለ፣ ከላይ በወጌሻውና በዓሣ ነባሪው እንዳየነው፣ ሕያዊት ነበረች ወይስ አልነበረችም የሚለው ጥያቄ በአጥንቱ ብቻ አይፈታም። የሚፈስ ደም የሚያሳይ ሥጋ የላትም። ከትኵስ ስብራት እስከ መውደቅ፣ ከመውደቅም እስከ ዛፍ፣ ከዛፍም እስከ ተዘረጉት እጆች ያለው ጉዞ በእያንዳንዱ እርምጃ ግምት እየተጨመረበት የሚሄድ ነው። ግምቱ ሊሆን የሚችል ነው፤ በሐዳር ያን ዘመን ዛፍ ነበረ፤ ቺምፓንዚዎችም ዛሬ ሌሊቱን በዛፍ ላይ ጐጇቸውን ሠርተው ያድራሉ። ሊሆን የሚችል ነገር ግን ሆነ ከተባለ ነገር ይለያል። በመማሪያ ክፍል መባል ያለበት፣ «ከዛፍ ወድቃ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ የሚቃወሙአቸውም አሉ፤ የሁለቱም ምክንያት ይህ ነው» ተብሎ ይመስለናል። ይህ ለተማሪው ከዛፉ ወሬ ይልቅ የሚያስደንቅ ትምህርት ነው።

ስለ ድንቅነሽ አጥንት የተረጋገጠ ሌላ ምልክት አለ፤ በዳሌዋ የፊት አጥንት ላይ አንድ ሥጋ በል እንስሳ የተወው የጥርስ ጠባሳ ይታያል። አንድ ጠባሳ ብቻ ነው። እንስሳው ገድሏት ወይስ በድኗን አግኝቶ አጥንቱ አይነግረንም፤ አውሬ ቢጫወትባት ኖሮ ግን ይህን ያህል አጥንት ተሰብስቦ በአንድ ስፍራ ባልተገኘ ነበር። በአስኮ ዳርቻ ሌሊት ከኰረብታው የሚወርደው ጅብ የአንድ አህያ በድን በአንድ አዳር ምን እንደሚያደርገው ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ደግሞም እ. ኤ. አ. በ2015 ሌሎች መርማሪዎች ዐፅሟን አንድ በአንድ ሲያነጻጽሩ፣ ከጀርባ አጥንቶቿ መካከል አንዲቱ ቍራጭ የርሷ ሳትሆን ከጭላዳ ዝንጀሮ ጋር የሚዛመድ የጥንት ዝንጀሮ አጥንት መሆኗን ደርሰውበታል። አርባ ዓመት ሙሉ ስትታይ የኖረችውን አጥንት እንደ ገና የሚመረምር ሰው መገኘቱ ደስ ያሰኛል።

አጥንት ላይ የሚገኘው ጕዳት ሁሉ ግን እንዲህ አከራካሪ አይደለም። በ1976 እ. ኤ. አ. በመካከለኛው አዋሽ፣ ቦዶ በተባለው ስፍራ፣ ዓለማየሁ አስፋው አንድ የራስ ቅል አገኙ። ዕድሜው 600,000 ዓመት ያህል ነው። ቲም ዋይት ይህን የራስ ቅል በአጕሊ መነጽር መርምረው እ. ኤ. አ. በ1986 ባወጡት ጽሑፍ፣ በጕንጩ፣ በዐይኑ ጕድጓድ፣ በግንባሩና በጭንቅላቱ የኋላ ክፍል ላይ የድንጋይ ስለት ያሳረፋቸው ቍርጦች መኖራቸውን አስረዱ። ቍርጦቹ ትይዩ ሆነው ሥጋ ከአጥንት በሚለይበት ቦታ ላይ ያረፉ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ቅሉ ከመገኘቱ በፊት በድንጋይ ቅርፊት ተሸፍነው ስለ ነበረ አዲስ ጭረት ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ ከ600,000 ዓመት በፊት አንድ እጅ ስለት ይዞ የሌላውን ፊት ሥጋ ገፎአል። ለምን ገፈፈው? ሊበላው ነውን? ሊያከብረው ነውን? አጥንቱ ከእጁ በላይ አይናገርም፤ ዋይትም ከዚህ አላለፉም።

ይህን ጥያቄ ከፍ አድርጎ የሚያስነሣ ሌላ ግኝት በዚያው በአዋሽ ሸለቆ፣ ሔርቶ በተባለው ስፍራ፣ እ. ኤ. አ. በ1997 ተገኝቷል። ዶክተር ብርሃነ አስፋውና ባልደረቦቻቸው እ. ኤ. አ. በ2003 ይፋ ካደረጉአቸው የራስ ቅሎች አንዱ የ6 ወይም የ7 ዓመት ልጅ ነው፤ ዕድሜውም 160,000 ዓመት ያህል ነው። በቅሉ ላይ በስለት የተደረገ ጥቃቅን ቍርጥ አለ፤ ይህ ብቻ ቢሆን ከቦዶው ጋር አንድ በሆነ ነበር። የልጁ ቅል ግን በአንዳንድ ጐኑ ተደጋግሞ በእጅ ከመያዝ የመጣ የሚመስል ልስላሴ አለው። ሥጋው ከተለየ በኋላ ቅሉን ሰዎች አስቀምጠውት፣ እያነሡ ሲይዙት ቈይተዋል ማለት ነው። ስለ ሔርቶው ልጅ ስናነብ፣ ያ ቅል በማን እጅ ይያዝ እንደ ነበረ ማሰብ አልተውንም። ይህ ግን የኛ ሐሳብ ነው፤ አጥንቱ የሰጠን ቍርጡንና ልስላሴውን ብቻ ነው።

በሌላ በኩል የዲቂቃው ክርክር ገና አላለቀም። እ. ኤ. አ. በ2010 ሻነን ማክፌሮን፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ሌሎችም፣ በዲቂቃ ከተገኙት የእንስሳት አጥንቶች በሁለቱ ላይ፣ አንዱ ላም የሚያህል እንስሳ ጐድን፣ ሁለተኛው ፍየል የሚያህል እንስሳ ጭን፣ የድንጋይ ስለት ምልክት አይተናል አሉ። ዕድሜያቸው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጎና በነሥለሺ ሰማው የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ስላላቸው፣ ምልክቱ እውነተኛ ከሆነ በድንጋይ ሥጋ መቍረጥ ከጎናው መሣሪያ በ800,000 ዓመት ይቀድማል፤ ሥራውም የድንቅነሽ ዘመዶች ሥራ ይሆናል። ወዲያው ሌሎች ሊቃውንት እንስሳት አጥንቱን በጠጠር ላይ ሲረግጡት ይህን የመሰለ ጭረት ይወጣል ብለው ተቃወሙ። እ. ኤ. አ. በ2017 ደግሞ ዮናታን ሳሕሌ፣ ሲሪን ኤል ዛታሪና ቲም ዋይት የአዞ ጥርስ የሚያወጣው ምልክት ከድንጋይ ስለት ምልክት ጋር እስከ መምታታት ሊመሳሰል እንደሚችል አሳዩ። እነ ዘረሰናይ ግን ቃላቸውን አልለወጡም። እ. ኤ. አ. በ2015 በቱርካና ምዕራብ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች መገኘታቸው ሲነገር፣ የዲቂቃው ወገን መበረታታቱ የሚጠበቅ ነው። የአንድ አዞ ጥርስ የሰውን ጥበብ መጀመሪያ በ800,000 ዓመት ወደፊትና ወደኋላ ሊያንቀሳቅስ መቻሉን ያስተዋለ፣ የአጥንት ምርመራ ለምን ይህን ያህል ጭቅጭቅ እንደሚያስነሣ አይጠይቅም።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ጕዳይ አለ። ክርክሮቹ ሊቀጥሉ የቻሉት አጥንቶቹ ስላሉ ነው። በ1992 ዓ. ም. የወጣው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የሚናገረው አዋጅ ቍጥር 209 ቅርሱን የሕዝብ ሀብት አድርጎ ይጠብቃል፤ ድንቅነሽም ወደ አዲስ አበባ ተመልሳ በብሔራዊ ሙዚየም ትጠበቃለች፤ በአዳራሹ ለተመልካች የቀረበው ግን አምሳያዋ ነው። ከዛፍ ወድቃለች የሚለው ጽሑፍ በወጣ ጊዜ፣ በሙዚየሙ ፈቃድ የቀኝ ትከሻዋና የግራ ጕልበቷ አጥንት ሥዕል በኮምፒዩተር አማካይነት ማንም ሊያወጣውና አምሳያውን ሊሠራው በሚችል መንገድ ለሕዝብ ተለቋል። በአስኮ የሚያስተምር መምህር ዛሬ አምሳያውን አሠርቶ በክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ተማሪዎቹ የክንዷን ጫፍ በጣታቸው እየዳሰሱ ስንጥቁ የት እንደ ጀመረ ይፈልጉ፤ በጠርዙም ላይ የበቀለ አዲስ አጥንት ይገኝ እንደ ሆነ ይመልከቱ።